የዱር ሱፍን ከእርሻው ሱፍ ለይቶ መንቀል ዘርን ያድናል

ሐይቅ፤ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው በሐይቅ ከተማ ገበያ ነጭ የሱፍ ፍሬ በጣሳ እየተሰፈረ ይሸጣል። በጾም ወራት ፍሬው ይታመስና ተወቅጦ ይጣራል፤ ውሃውም ለፍትፍት ይሆናል። ገዢዋ ጥቂት ፍሬ በመዳፏ ይዛ ስትመለከት በነጩ መካከል ጥቁር ቡናማ ፍሬ ካገኘች ዋጋ ትቀንሳለች። ይህ ጥቁር ፍሬ የዱር ሱፍ ነው።

ሱፍ ሲባል ትልቅ ቢጫ አበባ ያለውን የፈረንጅ ሱፍ የሚያስብ ብዙ ነው። እዚህ የሚነገረው ግን እሾሃሙና ጥንታዊው የአገር ሱፍ ነው። በ1927 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን የጎበኙት ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ኢትዮጵያን ከህንድና ከአፍጋኒስታን ጋር የሱፍ ጥንታዊ መገኛ ብለው መድበዋታል። የጥንት ግብፃውያንም ከአበባው ቀለም ያወጡ ነበር።

የዱር ሱፍ የእርሻው ሱፍ ዘመድ ቢሆንም ለገበሬው ጠላት ነው። በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ በስንዴና በገብስ ማሳ፣ በመንገድ ዳርና በግጦሽ መሬት ይበቅላል። እሾሁ የከብትንና የበግን አፍና ዐይን ይወጋል። በአውስትራሊያም በእህል ማሳና በግጦሽ ላይ በብርቱ የሚታገሉት አረም ነው።

ሁለቱ ገና በቡቃያነታቸው ሊለዩ ይችላሉ። የእርሻው ሱፍ የመጀመሪያ ቅጠሎች ሰፋ ያሉና እሾሃቸው ጥቂት ነው። የዱሩ ቅጠል ግን እስከ መካከሉ ተሰነጣጥቆ መሬት ላይ ይነጠፋል። ካደጉ በኋላ ግንዱን መዳሰስ ይበቃል። የእርሻው ግንድ ልሙጥ ነው። የዱሩ ግንድ ግን የሸረሪት ድር በመሰለ ጠጉር የተሸፈነ ሲሆን፣ እጅ ላይ ይጣበቃል። አበባውም ቢጫ ነው፤ የእርሻው ግን ብዙውን ጊዜ ከቢጫ ተነሥቶ ሲደርቅ ወደ ቀይ ይለወጣል። የእርሻው ፍሬ ነጭና አንጸባራቂ ሲሆን፣ የዱሩ ቡናማ ነው፤ በመካከለኛው ፍሬ ጫፍም ጠንካራ ብሩሽ ይታያል።

ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመው በጊዜው ሲሠራበት ነው። የዱር ሱፍ ፍሬ ካፈራ በኋላ ዘሩ በማሳው ላይ ይቀራል፤ አፈር ውስጥ ለዓመታት ቆይቶም ሊበቅል ይችላል። ስለሆነም አበባ ከመያዙ በፊት ሥሩን ከአፈር በታች በመቁረጥ ማስወገድ ያስፈልጋል። ቅጠሉን ብቻ ማጨድ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ያደርገዋል።

ሱፍ ሥሩ ከ2 ሜትር በላይ ሊወርድ ስለሚችል ዝናብ ሲያጥር ከሌሎች ሰብሎች ይልቅ ይቋቋማል። በወሎ ዝናቡ በሚያታልልበት ጊዜ ይህ ጠባዩ ትልቅ ጥቅም አለው። ፍሬው እንደየዝርያው ከመቶው ከ25 እስከ 40 ዘይት አለው። በጤፍ ወይም በሌላ እህል ማሳ ዳር ሲዘራም እሾሁ ከብት ያግዳል። ውሃ የሚተኛበት መሬት ግን አይስማማውም፤ ሥሩ ይበሰብሳል። በየዓመቱ በአንድ ማሳ ላይ መዝራትም በአፈር የሚኖረውን የአጠውላጊ በሽታ ያበዛል። ስለዚህ ከእህልና ከጥራጥሬ ጋር እያፈራረቁ መዝራት ይገባል። የአበባው ራስ ሲቦረቦር ከታየ የሱፍ ዝንብ ትል ስለሆነ፣ የተጎዱትን ራሶች ከዘር መለየት ያስፈልጋል።

አንዳንድ ገበሬዎች ሱፍን የሚተዉት በእሾሁ ምክንያት ነው። አጨዳው ጤዛ ሳይደርቅ በማለዳ ቢከናወን እሾሁ ስለሚለሰልስ እጅን ብዙ አይጎዳም። ለዘር የሚሆነው ከማሳው መካከል፣ ጤናማና ሙሉ ራስ ካላቸው ተክሎች አስቀድሞ መመረጥና ለብቻው መወቃት አለበት። ከመዝራት በፊትም በሰፌድ ላይ ዘርግቶ ቡናማውን በእጅ መልቀም አድካሚ ቢሆንም ዋጋ አለው።

የኢትዮጵያ የዕፅዋት ዘረ መል ማዕከል በ1976 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ ጀምሮ የአገር ዘሮችን የመሰብሰብ ሥራ ሲካሄድ ቆይቷል። ይሁን እንጂ በቀዝቃዛ ክፍል የሚቀመጠው ዘር ከማሳ የጠፋውን ሁሉ ሊተካ አይችልም። በሐይቅና በአምባሰል ተዳፋት ላይ ሱፍ የሚዘራ ቤተሰብ ንጹሕ ዘሩን ለጎረቤቱ ቢያካፍል የገበያ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን፣ ከአያት የወረሰውንም ዘር ይጠብቃል። ሥራው የሚጀመረው ደግሞ በማሳ ዳር ጎንበስ ብሎ ግንዱን በመዳሰስ ነው።