በውሻ፣ በድመትና በዶሮ አንጀት ስለሚኖረው ተቅማጥ አምጪ ባክቴርያ

ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሐሙሲት፣ ከዚያም እስከ ደብረ ታቦር ባለው የደቡብ ጐንደር ደጋ፣ ሕዝቡ ከእንስሶቹ ጋራ የሚኖርበት ሥርዐት ለሁላችን የታወቀ ነው። ውሻው ደጁን ይጠብቃል፤ ድመቷ በጓዳ ሁና እህሉን ከአይጥ ታድናለች፤ ዶሮዎቹም ሌባና ሸለምጥማጥ እንዳይወስዳቸው ሲመሽ ወደ ቤት ገብተው በቆጥ ያድራሉ። ይህ ሥርዐት ጥቅም እንዳለው የሚክድ የለም። ነገር ግን በዚያው ወለል ላይ ገና መራመድ ያልቻለ ሕፃን ይድኻል፤ ያገኘውንም ሁሉ አንሥቶ ወደ አፉ ያገባል። የዚህም ጽሑፍ ዐላማ በዚያ ወለል ላይ ከእንስሳ ወደ ሕፃን ስለሚተላለፈው ባክቴርያ፣ ሊቃውንትም መንገዱን እንዴት እንደ ደረሱበት፣ የአገር አስተዳዳሪዎች፣ ባለ መሬቶችና የወረዳ ሹማምንትም ስለዚሁ ሊያስፈጽሙት የሚገባውን ጥንቃቄ መግለጽ ነው። ዓመታቱ የተጻፉት እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ነው።

ይህ ባክቴርያ ካምፒሎባክተር ይባላል። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው «ጐባጣ በትር» ማለት ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ መልኩ እንዲሁ ነውና። ቴዎዶር ኤሽሪክ የተባለው ሐኪም በ1886 ዓ.ም. በተቅማጥ በሞቱ ሕፃናት አንጀት ውስጥ ጠመዝማዛ ረቂቅ ተሕዋስያንን አይቶ ጽፎ ነበር፤ ነገር ግን በላቦራቶሪ ሊያሳድጋቸው አልቻለም። ምክንያቱም ይህ ባክቴርያ ብዙ አየር ያለበትን ቦታ አይወድም፤ ከዘሮቹም ዋነኛው፣ ጀጁኒ የሚባለው፣ የሚስማማው ሙቀት 42 ዲግሪ ያህል ሲሆን ይህም ከዶሮ ገላ ሙቀት ጋራ የተቀራረበ ነው። ስለዚህ ከሰው ሰገራ ለይቶ የማሳደጉ ዘዴ በሚገባ የታወቀው በ1972 ዓ.ም. በቤልጅግ በቡትዝለር፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝ አገር በስኪሮው ሥራ ነው። በ1983 ዓ.ም. በስዊድን አገር በኡፕሳላ ከተማ በውሾች አንጀት ሌላ ዘር ተገኘ፤ በከተማዪቱም ስም ኡፕሳሊየንሲስ ተባለ። ይኸኛው በውሻና በድመት አንጀት የሚኖር ሲሆን ሰውንም ተቅማጥ ያሲዛል።

ከሁሉ በላይ ልናስተውለው የሚገባን ነገር ይህ ነው፤ ባክቴርያውን በአንጀቷ የተሸከመች እንስሳ ብዙውን ጊዜ ምንም የሕመም ምልክት አይታይባትም። ዶሮዋ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ውሻውም እንደ ልማዱ ይጮኻል። ስለዚህ በሽታውን በእንስሳው መልክ ለማወቅ መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ወደ ሰው ለመተላለፍም ብዙ አያስፈልገውም፤ ሮቢንሰን የተባለ ሰው በወተት ውስጥ 500 ያህል ብቻ ጨምሮ ጠጥቶ እንደ ታመመ በ1981 ዓ.ም. ጽፏል። ይህንም የሚያህል ቍጥር በዐይን በማይታይ የኵስ ቅንጣት ውስጥ ይገኛል።

እንግዲህ ባክቴርያው በብዙ እንስሳት ውስጥ ካለ፣ የታመመው ሕፃን ከየትኛው እንዳገኘው በምን ይታወቃል? መልሱ ጂኖም ከሚባለው ነገር ይገኛል። በሕይወት ያለ ፍጥረት ሁሉ ዘሩ የሚጻፍበት አራት ፊደላት ብቻ ያሉት ረቂቅ ጽሑፍ በውስጡ አለው። የዚህ ጽሑፍ መላው ጂኖም ይባላል። የሰው ጂኖም 3 ቢሊዮን ያህል ፊደል ሲኖረው፣ በ2000 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ጁልያን ፓርክሂልና ባልደረቦቹ አንብበው ያሳተሙት የካምፒሎባክተር ጀጁኒ ጂኖም 1,641,481 ፊደል ሁኖ ተገኝቷል።

ነገሩን በአገራችን ምሳሌ ብንገልጸው እንዲህ ነው። አንድ ቁም ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ በአንድ ገጽ ላይ አንድ ፊደል ቢስት፣ ከእርሱ መጽሐፍ የሚገለብጡት ሁሉ ያንኑ ስሕተት ይደግሙታል፤ የየራሳቸውንም ይጨምሩበታል። ስለዚህ ሁለት መጻሕፍት በአንድ ስፍራ አንድ ዐይነት ስሕተት ካለባቸው፣ የተቀዱት ከአንድ አባት መጽሐፍ እንደ ሆነ አዋቂ ሰው ይፈርዳል። ባክቴርያም ሲራባ ጽሑፉን ይገለብጣል፤ አልፎ አልፎም ፊደል ይስታል። ከሕፃኑ ሰገራ የተገኘውና ከውሻው የተገኘው ጂኖም ጐን ለጐን ተነበው ልዩነታቸው እጅግ ጥቂት ፊደል ብቻ ከሆነ፣ ሁለቱ በቅርብ ከአንድ ምንጭ የመጡ ናቸው ማለት ነው። ልዩነታቸው ብዙ ከሆነ ግን ውሻው በከንቱ ተከሷልና ምንጩ በሌላ ቦታ ይፈለጋል።

የዚህ ዘዴ ጥቅም በአሜሪካ አገር በግልጽ ታይቷል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ በ18 ግዛቶች 118 ሰዎች በዚህ ባክቴርያ ታመሙ፤ ከነዚህም 26ቱ ሆስፒታል ገቡ፤ የሞተ ግን አልነበረም። በሽተኞቹ በተራራቁ ከተሞች ስለ ነበሩ በመካከላቸው ዝምድና ያለ አይመስልም ነበር። ጂኖሙ ሲነበብ ግን ባክቴርያው የተቀራረበ ዘር ሁኖ ተገኘ፤ ምንጩም በሱቅ የሚሸጡ የውሻ ቡችሎች ነበሩ። ከታመሙትም 29ኙ የነዚያው ሱቆች ሠራተኞች ነበሩ። ከዚህም የከፋው፣ ለዚህ በሽታ በተለምዶ የሚታዘዙት መድኃኒቶች ባክቴርያውን የማይገድሉት ሁነው መገኘታቸው ነው። ቡችሎቹ ጤነኞች ሳሉ እንኳ መድኃኒት አብዝቶ መስጠት ባክቴርያውን መድኃኒት እንዲለምድ ያደርገዋል።

በአገራችንም የሐረማያ ዩኒቨርስቲ ከአሜሪካ የፍሎሪዳና የኦሃዮ ዩኒቨርስቲዎች ጋራ ሁኖ በምሥራቅ ኢትዮጵያ የሠራው ምርመራ በ2020 ዓ.ም. ታትሟል። አንድ ዓመት ገደማ የሆናቸው 100 ሕፃናት ሰገራቸው ተመረመረ። ባክቴርያውን ብቻ ለይቶ በሚፈልገው ምርመራ ከመቶው በ50ው ተገኘ፤ በሰገራው ውስጥ ያለው የዘር ጽሑፍ ሁሉ በአንድነት ሲነበብ ግን በ88ቱ ተገኘ። ደግሞም አንድ ዘር ብቻ ሳይሆን ብዙ ዘሮች ባንድነት ነበሩ፤ ከነርሱም ውስጥ የውሻና የድመት ነው ያልነው ኡፕሳሊየንሲስ አለበት። በኋላም እነዚሁ ተመራማሪዎች 106 ሕፃናትን ከተወለዱ ጀምሮ እየተከታተሉ ከእናቶቻቸው፣ ከወንድምና ከእኅቶቻቸው፣ ከከብቱ፣ ከፍየሉ፣ ከበጉና ከዶሮው ናሙና ወስደው መርምረዋል።

ይህ ነገር ለደቡብ ጐንደር ሹም ስለ ምን ያሳስበዋል ቢባል፣ ጕዳቱ በተቅማጥ ብቻ ስለማያበቃ ነው። በ2016 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 38 በመቶው ቁመታቸው ለዕድሜያቸው የማይበቃ ሁኖ ሲገኝ፣ በአማራ ክልል ግን 46 በመቶ ነበር። በ8 የዓለም አገሮች የተደረገ ሌላ ጥናት፣ ይህ ባክቴርያ የሚደጋገምባቸው ሕፃናት ተቅማጥ ባይታይባቸውም እንኳ ቁመታቸው አንሶ እንደሚገኝ በ2016 ዓ.ም. ገልጿል። አንጀቱ የተጐዳ ሕፃን የበላውን እህል እንደሚገባ አይጠቀምበትም። ስለዚህ ገበሬው ምርቱ ቢበዛለትም፣ የሕፃኑ አንጀት ካልተጠበቀ ድካሙ ሙሉ ፍሬ አይሰጥም።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ውሾቹ ይገደሉ፣ ዶሮዎቹም ይወገዱ» ይል ይሆናል። ይህ ግን ስሕተት ነው። ባክቴርያው በውሻ ብቻ ሳይሆን በዶሮ፣ በጥጃና በግልገልም ስላለ፣ ውሻን መግደል አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን ከፍቶ መተው ነው። ስለ ዶሮም ሄዲና ሂርቮነን የተባሉ ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን ገጠር አጥንተው በ2016 ዓ.ም. እንደ ጻፉት፣ ዶሮ ባለበት ቤት የሕፃናቱ ቁመት የተሻለ ሁኖ ተገኝቷል፤ ዶሮዎቹ ሌሊት በመኖሪያ ቤት በሚያድሩበት ግን ቁመቱ ያነሰ ሁኖ ተገኝቷል። እንግዲህ መለወጥ ያለበት የእንስሳቱ ማደሪያና የቤቱ አያያዝ ነው።

ስለዚህ የሚከተለው በየቀበሌው እንዲፈጸም ያስፈልጋል።

1ኛ፤ ዶሮዎች ከመኖሪያ ቤት ውጭ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት በተሠራና አውሬ በማይገባበት ቤት ይደሩ። ገበሬው ዶሮውን ወደ ቤት የሚያስገባው ስለ ሌባና ስለ ሸለምጥማጥ ስለሆነ፣ ጠንካራ መዝጊያ ያለው የዶሮ ቤት ሳያይ ምክሩን አይቀበልም። ባለ መሬቶች በራሳቸው ግቢ አስቀድመው ቢሠሩ ጎረቤቱ አይቶ ይከተላል።

2ኛ፤ የሚድኽ ሕፃን እንስሳ በማይረግጠው ንጹሕ ምንጣፍ ላይ ይቀመጥ፤ ወለሉም ከኵስና ከውሻ ዐይነ ምድር በየጊዜው ይጠረግ። ተቅማጥ የያዘው ቡችላ ከሕፃናት ይራቅ።

3ኛ፤ እንስሳ ከነኩ በኋላ፣ ሕፃን ከማጕረስ በፊት፣ ዶሮም አርደው ከበለቱ በኋላ እጅ በሳሙና፣ ሳሙና ባይገኝ በአመድ ይታጠብ። ጥሬ ሥጋ የነካ ቢላዋና ዕቃ ሳይታጠብ ለሌላ ምግብ አይዋል። በሚገባ የበሰለ ወጥ ግን አያስፈራም፤ ባክቴርያው በእሳት ይሞታልና።

4ኛ፤ ሕፃናት የሚጠጡት ወተት ይፈላ፤ ከጉማራና ከሌሎች ወንዞች የሚቀዳውም ውሃ እንዲሁ። ድመትና ውሻ የላሱት የወተት ዕቃ በፈላ ውሃ ይታጠብ።

5ኛ፤ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የእናቱ ጡት ሳይቋረጥ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይሰጠው፤ ደም የተቀላቀለበት ከሆነ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ለሰውም ሆነ ለእንስሳ ያለ ባለሙያ ትእዛዝ ከገበያ መድኃኒት ገዝቶ መስጠት ይከልከል።

6ኛ፤ በአንድ ሰፈር ብዙ ሕፃናት በአንድ ጊዜ ሲታመሙ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የእንስሳት ሐኪሙ ባንድነት ሄደው ይዩ፤ ለወረዳውም በአንድ ጽሑፍ ያስታውቁ። ባክቴርያው በአየርና በድርቀት ቶሎ ስለሚሞት ናሙናው በቅዝቃዜ ተይዞ ሳይውል ሳያድር ይላክ።

የጂኖም ንባብ የሊቃውንት ሥራ ነው፤ በየወረዳው የሚሠራም አይደለም። ፍሬው ግን ለእያንዳንዱ ቤት የሚደርሰው የዶሮው ቤት ሲሠራ፣ እጅ ሲታጠብ፣ ወተቱም ሲፈላ ነው። ይህንም ማስፈጸም ብዙ ገንዘብ ሳይሆን የሹሙን ትጋትና የባለ መሬቱን መልካም ምሳሌነት ይጠይቃል። የሐሙሲትና የደብረ ታቦር ሕፃናት በአጠገባቸው ካሉት እንስሳት ሳይለዩ በጤና እንዲያድጉ ማድረግ ይቻላልና፣ ይህን አንብበው የተረዱት ሁሉ ላላነበበው ገበሬ እንዲያስረዱ አደራ እንላለን።