ከአንድ ስልክ የሚቀረው

የቻይና ስልክ አምራቾች አክሲዮን በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት ስልክ ይሸጣሉ?» የሚል ነው። በየሩብ ዓመቱ የሚወጣው የሽያጭ ደረጃም ይህንኑ ልማድ ያጠናክረዋል፤ አንደኛ ማን፣ ሁለተኛ ማን እየተባለ ይዘገባል፣ ሰሚውም ብዙ የሸጠ ብዙ አተረፈ ብሎ ይደመድማል። ገንዘቡን ሊያውል ላሰበ ሰው ግን ይህ ቁጥር ብቻውን የሚነግረው ነገር በጣም ጥቂት ነው። መጠየቅ ያለበት ወጪው ሁሉ ተነሥቶ ከአንዱ ስልክ ላይ ምን ያህል እንደሚቀርና የቀረውንም ነገ ምን ሊወስደው እንደሚችል ነው። ይህን ለማሳየት ከትራንሽን የተሻለ ኩባንያ አላውቅም። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል የተባሉትን ስልኮች የሚያወጣው ይህ የሼንዘን ድርጅት ከአዲስ አበባ እስከ ሌጎስ በሚሊዮኖች ኪስ ውስጥ አለ፤ በገዛ አገሩ ግን ስልኩን ሱቅ ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህም ቻይናዊው ባለአክሲዮን ስልኩን አያውቀውም፣ የእኛው ተጠቃሚ ደግሞ አክሲዮኑን አያውቀውም፤ ሁለቱም ወገኖች «ርካሽ ስልክ» ብለው ያልፉታል። እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ ኩባንያ አይደለም።

መሠረታዊው ታሪክ አጭር ነው። ዡ ዣኦጂያንግ ኒንግቦ በርድ በተባለ ስልክ አምራች የውጭ ንግድ ሥራ ላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የራሱን ድርጅት መሠረተ፤ ድርጅቱ ብዙም ሳይቆይ ሙሉ ትኩረቱን ወደ አፍሪካ አዞረ፤ በሴፕቴምበር 2019 ደግሞ ሻንጋይ ውስጥ ለቴክኖሎጂ ኩባንያዎች በተከፈተው «ስታር» የተባለ ገበያ አንዱን አክሲዮን በ35.15 ዩዋን ለሕዝብ ሸጠ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሁለት ሲም ካርድ የሚይዘውን ስልክ፣ ለቀናት የሚቆየውን ባትሪ፣ ጠቆር ያለ ፊትን አጥርቶ እንዲያነሣ የተስተካከለውን ካሜራ፣ የአማርኛ ፊደል የሰፈረበትን ስልክ፣ በ2011 ኢትዮጵያ ውስጥ የተጀመረውን መገጣጠሚያ ያነሣል። ሁሉም እውነት ናቸው፣ ሁሉም ከአንድ ልማድ የመጡ ናቸው፤ ይኸውም ገዢው ምን እንደሚቸግረው ሄዶ ማየት ነው። ለባለአክሲዮን ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ብዙ የማይወራለት የስርጭትና የጥገና መረብ ነው። ካርልኬር የተባለው የጥገና አገልግሎት፣ በየከተማው ያለው አከፋፋይ፣ በየመንደሩ ስልኩን ደርድሮ የሚሸጠው ባለሱቅ፣ እነዚህ በማስታወቂያ ብዛት ብቻ የሚገዙ አይደሉም፤ ዓመታት ይፈጃሉ። ትራንሽንን እንደ ስልክ አምራች ብቻ የሚያየው ሰው የኩባንያውን ዋና ንብረት ሳያይ ይቀራል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ትራንሽን በ2021 ወደ 197 ሚሊዮን ስልክ ሸጦ 3.9 ቢሊዮን ዩዋን የተጣራ ትርፍ አገኘ። በ2023 የሸጠው ወደ 194 ሚሊዮን ስልክ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊቱ በትንሹ ያንሳል። ትርፉ ግን 5.5 ቢሊዮን ዩዋን ሆነ። የሽያጭ ደረጃን ብቻ ሲከታተል የነበረ ሰው ኩባንያው ባለበት ቆሟል ብሎ ያስብ ነበር፤ ትርፉ ግን ከአርባ በመቶ በላይ ጨምሯል። በመካከል ያለው 2022 ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያጎላዋል። በዚያ ዓመት ገቢው ከቀዳሚው ዓመት የቀነሰው በ6 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን ትርፉ ግን ከአንድ ሦስተኛ በላይ ወርዶ ወደ 2.5 ቢሊዮን ዩዋን ተጠጋ። በ2025 የመጀመሪያው አጋማሽ ይኸው ነገር ተደገመ፤ ገቢው በ16 በመቶ ገደማ ቀነሰ፣ ትርፉ ከግማሽ በላይ ጠፋ። ምክንያቱን ለማየት የ2023ን ገቢና ትርፍ ለተሸጠው ስልክ ማካፈል በቂ ነው። የመለዋወጫና የሌላ ሥራ ገቢ ስለሚቀላቀልበት ስሌቱ ግምታዊ ቢሆንም፣ ከአንድ ስልክ ላይ የሚገባው 321 ዩዋን ገደማ፣ ሁሉም ወጪ ተከፍሎ የሚቀረው ደግሞ 28 ዩዋን ገደማ ነው። ይህም እጅግ መልካም ከነበሩት የኩባንያው ዓመታት በአንዱ ነው፤ በ2022 የቀረው ወደ 16 ዩዋን ነበር። ከእያንዳንዱ ኩንታል ላይ ጥቂት ብር እያተረፈ ብዙ ጭነት የሚያንቀሳቅስ የእህል ጅምላ ነጋዴ የመኪና ኪራይ በትንሹ ሲጨምርበት የዓመቱ ትርፉ እንደሚናጋ ሁሉ፣ በእያንዳንዱ ስልክ ላይ የ10 ዩዋን ወጪ ቢጨመር የኩባንያው ትርፍ በሲሶ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ አንድ የተስፋፋ ስሕተት መታረም አለበት። ርካሽ ስልክ የሚሸጥ ኩባንያ የትርፍ መጠኑም ዝቅተኛ ነው ተብሎ ይታሰባል። በ2023 የትራንሽን ጥቅል ትርፍ፣ ማለትም የዕቃው ወጪ ብቻ ተቀንሶ የሚቀረው፣ ከገቢው 24 በመቶ ገደማ ነበር። በዚያው ዓመት ከእሱ በእጅጉ ውድ ስልክ የሚሸጠው ሻዎሚ ከስልክ ሥራው ያገኘው ጥቅል ትርፍ 15 በመቶ አልሞላም። ልዩነቱ የመጣው ሻዎሚ ብዙ ጉልበተኛ ተፎካካሪ በሞላበት ገበያ፣ ዋጋን በኢንተርኔት አወዳድሮ ለሚገዛ ሰው ሲሸጥ፣ ትራንሽን ደግሞ ሌሎቹ ለረጅም ጊዜ ችላ ባሉት ገበያ፣ ባለሱቁን አምኖ ለሚገዛ ሰው በመሸጡ ነው። እንግዲህ የትራንሽን ስልክ ዋጋው ዝቅ ያለ እንጂ በዋጋው ላይ ያለው ሥልጣን ዝቅ ያለ አልነበረም። ይህን ሥልጣን የሚያስጠብቀው መረብ ግን ራሱ ወጪ ይጠይቃል፤ ጥቅል ትርፉ ወደ ተጣራ ትርፍ ሲወርድ ብዙው በመንገድ ላይ የሚያልቀው አከፋፋይን በማቆየት፣ በማስታወቂያና በጥገና ነው።

የቀረውን 28 ዩዋን ከሚያሰጉት ነገሮች የመጀመሪያው የሜሞሪ ቺፕ ዋጋ ነው። ቺፑን የሚሠሩት በዓለም ላይ ጥቂት ኩባንያዎች ናቸው፤ በ2023 ዋጋው እጅግ ወርዶ ስለነበር ለስልክ አምራች ሁሉ ጊዜው የተመቸ ሆነ፣ ከዚያ በኋላ ሲወጣ ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ። ውድ ስልክ የሚሸጥ ኩባንያ ጭማሪውን በዋጋው ውስጥ ሊደብቀው ይችላል፤ ገዢው የመጨረሻዋን ብር ቆጥሮ በሚመጣበት ገበያ ግን መደበቂያ የለም። ሁለተኛው የምንዛሪ ነገር ነው። ዕቃው በዶላርና በዩዋን ይገዛል፣ ስልኩ የሚሸጠው በናይራ፣ በብር፣ በባንግላዴሽ ታካ ነው። ናይጄሪያ በጁን 2023፣ ኢትዮጵያ በጁላይ 2024 ምንዛሪያቸውን ለገበያ ሲለቁ በአገር ውስጥ ገንዘብ የሚሰላው የስልክ ዋጋ ወዲያው ማሻቀብ ነበረበት፣ ወይም ልዩነቱን አስመጪና አምራች መሸከም ነበረባቸው። በአዲስ አበባ ስልክ ለመግዛት አስቦ ዋጋው አልቀመስ ያለው ሰውና በሻንጋይ የትርፍ ሪፖርት የሚያነብ ባለአክሲዮን የአንዱን ነገር ሁለት ጫፍ ይዘዋል። ሦስተኛው የፈጠራ መብት ክፍያ ነው። አሜሪካዊው ቺፕ አምራች ኳልኮም በ2024 ትራንሽንን በሕንድ ፍርድ ቤት ከሷል፤ ዋጋው በመቶዎች ዩዋን በሚቆጠር ስልክ ላይ የሚጣል የፈቃድ ክፍያ ከትርፉ ምን ያህሉን እንደሚነካ ከላይ ያለውን ስሌት ያየ ሰው ይረዳዋል።

ተቃውሞው ግልጽ ነው። በአፍሪካ ስማርት ስልክ ገበያ ግማሽ ያህሉን የያዘ ኩባንያ ይህን ሁሉ ሊቋቋም አይችልም ወይ? ሊቋቋም ይችላል፣ እስካሁንም ተቋቁሟል። ነገር ግን የገበያ ድርሻ ብቻውን ምሽግ አለመሆኑን ከሌላ ሰው ይልቅ ራሱ መሥራቹ ያውቀዋል። የወጣበት ኒንግቦ በርድ በ2000 ሻንጋይ ላይ አክሲዮኑን ለሕዝብ የሸጠ፣ በ2003 አካባቢ ከቻይና ብራንዶች በአገሩ ብዙ ስልክ በመሸጥ ቀዳሚ የነበረ ኩባንያ ነው። ኃይሉም ልክ እንደ ትራንሽን የገጠር ከተሞችን ያዳረሰ የስርጭት መረብ ነበር። የውጭ ኩባንያዎች ዋጋ ቀንሰው ወደ እነዚያ ከተሞች ሲወርዱ፣ ርካሽ ቺፕ አግኝተው የተነሡ ትናንሽ አምራቾችም ሲከቡት፣ ጥቂት ዓመታት ሳይሞሉ ከፍታውን አጣ። ዛሬ ሻዎሚ፣ ኦፖና ሆነር ወደ አፍሪካ ፊታቸውን አዙረዋል። ትራንሽን ከበርድ የሚለይበት ነገር ብዙ ነው፤ ገበያው በበርካታ አገሮች የተበተነ ነው፣ ጥገናውም የራሱ ነው። እኔም እንደ በርድ ይወድቃል ብዬ አልከራከርም። የምለው የመረቡ ጥንካሬ የሚለካው በተሸጠው ስልክ ብዛት ሳይሆን ተፎካካሪ ሲመጣ ጥቅል ትርፉ ስንት በመቶ ላይ እንደሚቆም በማየት መሆኑን ነው። በ2024 ከ200 ሚሊዮን በላይ ስልክ ሲሸጥ ይህ መጠን ወደ 21 በመቶ ወርዷል።

ሌላው ተቃውሞ «ገንዘቡ ከስልኩ አይደለም፣ ከኢንተርኔት አገልግሎቱ ነው» የሚል ነው፤ ይህን በሰፊው ያስተማረው ሻዎሚ ነው። መሥራቹ ሌይ ጁን በ2018 ከስልክና ከመሰል ዕቃዎች የሚገኘው የተጣራ ትርፍ ከ5 በመቶ እንደማይበልጥ ቃል ገባ፤ ሐሳቡ ስልኩ ሰውን ያመጣል፣ ማስታወቂያና ጨዋታ ገንዘብ ያመጣሉ የሚል ነበር። ሐሳቡ ባዶ አልነበረም፤ በ2017 የኢንተርኔት ሥራው ከገቢው 9 በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ ከጥቅል ትርፉ ግን ሁለት አምስተኛ ያህሉን አስገኝቷል። ሆኖም በጁላይ 2018 በሆንግ ኮንግ በ17 የሆንግ ኮንግ ዶላር የቀረበው አክሲዮን በመጀመሪያው ቀን ከዚያ በታች ዘጋ፣ በ2019 ደግሞ ከ9 ዶላር በታች ወረደ። በ2025 ከ50 ዶላር በላይ መውጣቱ ተቃዋሚውን የሚደግፍ ይመስላል። ነገር ግን ያ ከፍታ የመጣው ኩባንያው በማርች 2024 የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ ከወጣ በኋላ ነው። በ2018 የኢንተርኔት አገልግሎት ገዛሁ ያለ ሰው በመጨረሻ ያተረፈው በመኪና ነው። ትራንሽንም ቡምፕሌይን የመሰለ የሙዚቃ አገልግሎት ከጎኑ አለ፤ ለአንድ ተጠቃሚ የሚከፈል የማስታወቂያ ዋጋ በአፍሪካ ከቻይናው በእጅጉ ዝቅ ያለ ስለሆነ ግን የሻዎሚን ስሌት እንዳለ መገልበጥ አይቻልም።

ከስልኩ ተነሥተው አክሲዮን የሚፈልጉ ሰዎች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠሩት ሁዋዌን ነው፤ ይህ መጠንቀቅን ይጠይቃል። ሁዋዌ በየትኛውም ገበያ አክሲዮን አይሸጥም፤ ባለቤትነቱ በሠራተኞቹ ማኅበር በኩል የተያዘ ነው። ኦፖና ቪቮም እንዲሁ በግል የተያዙ ናቸው። እንግዲህ የእነዚህን አክሲዮን በቴሌግራም እሸጣለሁ የሚል ሰው የሚሸጠው ነገር የለውም፣ ይህን ሳያጣሩ ገንዘብ መላክም ራስን መበደል ነው። ሻዎሚን በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ያለ ሰው በደላላ በኩል መግዛት ይችላል፤ ይሁንና በጃንዋሪ 2021 የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ኩባንያውን ከቻይና ጦር ጋር ግንኙነት አለው ብሎ መዝግቦት አሜሪካ ውስጥ ያሉ ባለአክሲዮኖች ለመሸጥ ሊገደዱ ነበር፤ ኩባንያው በፍርድ ቤት ተከራክሮ በሜይ ከመዝገቡ ወጣ። ትራንሽን ደግሞ ይበልጥ ይርቃል። በስታር ገበያ ለመገበያየት ቻይናዊው ግለሰብ እንኳ 500,000 ዩዋን ሀብትና የሁለት ዓመት ልምድ ማሳየት አለበት፣ በሆንግ ኮንግ በኩል ያለው መንገድም ለተቋማዊ ባለሙያዎች ብቻ የተከፈተ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚኖር ሰው የውጭ ምንዛሪ ሕጉ አስቀድሞ እንቅፋት ሆኖ ይቆማል። ብዙው ተራ ሰው ትራንሽንን ሊይዘው የሚችለው በቻይና ላይ በሚያተኩር የጋራ ፈንድ ውስጥ እንደ ጥቂት በመቶ ሆኖ ነው፤ ፈንዱ ይህን አክሲዮን መያዝ አለመያዙን ደግሞ ከሚያወጣው የይዞታ ዝርዝር ማየት ይቻላል።