ለልጆች የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛን በቤት ውስጥ መስፋት፦ በሳንጃና በአካባቢው ቆላማ ወረዳዎች ለሚኖሩ ወላጆች የተዘጋጀ ማብራሪያ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ በሽታ (ኮቪድ-19) ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. መገኘቱን ተከትሎ፣ ትምህርት ቤቶች ከመጋቢት 7 ቀን ጀምሮ ተዘግተው መቆየታቸው ይታወሳል። ከጥቅምት 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በየዙሩ እንዲከፈቱ ሲወሰን ከተቀመጡት የጥንቃቄ እርምጃዎች አንዱ፣ ተማሪዎች የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ (ማስክ) አድርገው እንዲማሩ የሚያስገነዝብ ነበር።

በታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ በሳንጃ፣ እንዲሁም በሱዳን ድንበር አካባቢ በሚገኙት የመተማና የቋራ ቆላማ ስፍራዎች ይህን እርምጃ መተግበር የራሱ ፈተና ነበረው። ወቅቱ የሰሊጥና የማሽላ ምርት የሚሰበሰብበትና በርካታ የቀን ሠራተኞች ከደጋው ወደ እርሻዎቹ የሚወርዱበት ነበር። በመተማ ዮሐንስ በኩልም ከሱዳን የሚመለሱ ወገኖች ይገቡ ነበር። ሰው በብዛት በሚገናኝበት ጊዜ በሽታው የመዛመት ዕድሉ ይጨምራል። በሌላ በኩል የአካባቢው ሙቀት ከፍተኛ በመሆኑ፣ ለአዋቂ ልክ የተሰፋ ወይም አየር በሚገባ የማያሳልፍ ማስክ የተደረገለት ልጅ ብዙም ሳይቆይ ወደ አገጩ ዝቅ ያደርገዋል። አገጭ ላይ የዋለ ማስክ ደግሞ ልጁንም ሆነ በአጠገቡ ያሉትን አይጠብቅም። ስለሆነም ለልጅ የሚሰፋ ማስክ በፊቱ ልክ የተዘጋጀ፣ መተንፈስ የማይከለክልና በየዕለቱ ታጥቦ የሚደርቅ መሆን ይኖርበታል። ይህ ማብራሪያ ወላጆች እነዚህን ሦስት ነገሮች ያሟላ ማስክ በቤታቸው ወይም በአቅራቢያቸው ባለ ልብስ ሰፊ ዘንድ እንዲያዘጋጁ ለማገዝ የቀረበ ነው።

ማስክ ማድረግ የሚገባቸውና የማይገባቸው ልጆች

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ባወጡት ምክር መሠረት፦

• ዕድሜያቸው 5 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ማስክ እንዲያደርጉ አይገደዱም።
• ከ6 እስከ 11 ዓመት የሆኑ ልጆች እንደ በሽታው ስርጭት፣ እንደ ልጁ ማስኩን በአግባቡ የመጠቀም ችሎታና እንደሚያገኘው የአዋቂ ክትትል ታይቶ ሊያደርጉ ይችላሉ።
• 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ልጆች እንደ አዋቂ ያደርጋሉ።

የመተንፈስ ችግር ያለበት፣ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ማስኩን በራሱ ማውለቅ የማይችል ልጅ ሲኖር፣ ወላጆች አስቀድመው ከጤና ባለሙያ ጋር መመካከር ይኖርባቸዋል። ለጨቅላ ሕፃን በምንም ሁኔታ ማስክ አይደረግም፤ የተኛ ልጅም ማስክ አድርጎ መተኛት የለበትም።

የጨርቅ ምርጫ

የዓለም ጤና ድርጅት የጨርቅ ማስክ ሦስት ድርብ እንዲኖረው ይመክራል። ወደ ቆዳ የሚጠጋው ገበር እርጥበት የሚመጥ የጥጥ ጨርቅ ይሆናል፤ ለዚህም አቡጀዴ ወይም ያልሳሳ የጥጥ ሸሚዝ ያገለግላል። የመካከለኛው ድርብ ፖሊፕሮፒሊን ከተባለው ያልተሸመነ ጨርቅ ቢሆን ይመረጣል፤ ይህ ካልተገኘ ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ ሌላ የጥጥ ጨርቅ መጠቀም ይቻላል። የውጭው ድርብ ውሃ ቶሎ የማይመጥ፣ ጥጥና ፖሊስተር የተቀላቀለበት እንደ ቴትሮን ያለ ጨርቅ ቢሆን ከውጭ የሚመጣ ጠብታ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ያግዛል።

ጨርቁን ለመምረጥ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ መመልከት ጠቃሚ ነው። ብርሃን በክሮቹ መካከል በጉልህ የሚያልፍበት ጨርቅ፣ ለምሳሌ ነጠላ፣ ለብቻው በቂ አይደለም። ቀጥሎም ሦስቱን ድርቦች ደራርቦ አፍና አፍንጫ ላይ በመያዝ መተንፈስ ይሞከራል። አየር ለመሳብ የሚያስቸግር ከሆነ ለልጅ አይሆንም። ፌስታል፣ የዝናብ ልብስ ጨርቅና ማንኛውም አየር የማያሳልፍ ፕላስቲክ በየትኛውም ድርብ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ልጅን ሊያፍን ይችላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮችና ልክ

ለሥራው መቀስ፣ መርፌና ክር ወይም የልብስ ስፌት መኪና፣ የልብስ መለኪያ ሜትር፣ ስፒል፣ ካውያና ቀጭን ላስቲክ ያስፈልጋሉ። ላስቲክ ካልተገኘ ከአሮጌ ካናቴራ የተቆረጠ፣ ሲሳብ የሚለጠጥ ቀጭን ክር መሰል ጨርቅ ይተካዋል። ጥጥ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ፣ ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ታጥቦ መድረቅና በካውያ መተኮስ ይኖርበታል።

ለእያንዳንዱ ማስክ በሚከተለው ልክ ሦስት ሬክታንግል ጨርቆች ይቆረጣሉ፦

• ከ6 እስከ 8 ዓመት ለሆነ ልጅ፦ ወርድ 17 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመት 16 ሳንቲ ሜትር።
• ከ9 እስከ 11 ዓመት ለሆነ ልጅ፦ ወርድ 19 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመት 17 ሳንቲ ሜትር።
• 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ፦ ወርድ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመት 18 ሳንቲ ሜትር።

እነዚህ መነሻ ልኮች ናቸው። የልጆች ፊት በዕድሜ ብቻ ስለማይወሰን፣ የመጀመሪያው ማስክ ተሰፍቶ በልጁ ፊት ላይ ከተሞከረ በኋላ የቀሩት በተስተካከለው ልክ ቢሰፉ ይመረጣል። ለጆሮ ማንጠልጠያ ሁለት ላስቲኮች፣ እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆነው ይቆረጣሉ።

የአሰፋፍ ቅደም ተከተል

1. የውጭውን ጨርቅና ገበሩን መልካቸው እርስ በርስ እንዲተያይ አድርገው ይደርቧቸው፤ የመካከለኛውን ድርብ ከላያቸው ያንጥፉ።
2. የአንዱን ላስቲክ ሁለት ጫፎች በግራ በኩል ካሉት የላይና የታች ማዕዘኖች፣ የሌላውን በቀኝ በኩል ካሉት ማዕዘኖች ላይ በውጭው ጨርቅና በገበሩ መካከል ያስገቡ። የላስቲኩ ቀሪ ክፍል ወደ ውስጥ መግባት አለበት። በስፒል ያያይዙ።
3. ከጠርዙ 1 ሳንቲ ሜትር ገባ ብለው ዙሪያውን ይስፉ፤ በታችኛው ጠርዝ መካከል ላይ ለመገልበጫ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ይተዉ። በእጅ የሚሰፋ ከሆነ ስፌቱ የተቀራረበና የጠበቀ ይሁን።
4. በክፍተቱ በኩል ገልብጠው ማዕዘኖቹን ያውጡና በካውያ ይተኩሱ። አሁን ላስቲኮቹ በውጭ በኩል ይታያሉ።
5. ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄዱ ሦስት እጥፋቶች ይሥሩ። የእያንዳንዱ እጥፋት ጥልቀት 1 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ሦስቱም ከውጭ ሲታዩ ወደ ታች የተኙ መሆን አለባቸው። ወደ ላይ ከተከፈቱ አቧራ ያጠራቅማሉ።
6. እጥፋቶቹን በስፒል ይዘው ሁለቱን ጎኖች ይስፉ፤ ከዚያም ዙሪያውን በመስፋት ክፍቱን ይዝጉ። ስፒሎቹ በሙሉ መውጣታቸውን በጣት ዳስሰው ያረጋግጡ።

ከመጠቀም በፊት መሞከር

ማስኩ ከአፍንጫ አጥንት በላይ ጀምሮ እስከ አገጭ ሥር መሸፈንና በጉንጭ በኩል ክፍተት የሌለው መሆን አለበት። ልጁ ጮክ ብሎ እንዲቆጥር ወይም ከመጽሐፉ አንድ አንቀጽ እንዲያነብ ያድርጉ። ሲናገር ማስኩ ከአፍንጫው የሚወርድ ከሆነ ላስቲኩ ይጠር፤ ጆሮውን የሚቆርጠው ከሆነ ይላላ። ቀጥሎም ልጁ ማስኩን አድርጎ በቤት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ። በዚህ ጊዜ የሚያማርርበት ነገር በትምህርት ቤት ማስኩን የሚያወልቅበት ምክንያት ስለሚሆን፣ ቅሬታው ተሰምቶ መስተካከል ይገባዋል።

በትምህርት ቤት አጠቃቀም

ለአንድ ተማሪ ቢያንስ ሦስት ማስኮች ያስፈልጉታል፦ አንዱን አድርጎ ይሄዳል፣ ሁለተኛውን በንጹሕ ከረጢት ይይዛል፣ ሦስተኛው ታጥቦ ይደርቃል። በቆላማ አየር ማስክ በላብ ቶሎ ይርሳል፤ የራሰ ማስክ ለመተንፈስ ስለሚያስቸግርና የመከላከል ብቃቱ ስለሚቀንስ በደረቁ መቀየር አለበት። ልጆች ሲሮጡና ኳስ ሲጫወቱ ማስክ ማድረግ አይመከርም፤ በዚያን ጊዜ መራራቅ ይተካዋል። ማስኮቹ እንዳይቀያየሩ የልጁ ስም ወይም ምልክት በጠርዙ ላይ በክር ቢጻፍ መልካም ነው። ማስክን መዋዋስ እንደማይገባ፣ ከማድረግና ካወለቁ በኋላም እጅን በሳሙና መታጠብ እንደሚያስፈልግ፣ ሲያወልቁም ላስቲኩን እንጂ የፊቱን ክፍል መንካት እንደማይገባ ለልጆች በተደጋጋሚ መነገር አለበት።

እጥበትና ለሳንጃ አካባቢ የተለየ ጥንቃቄ

ማስክ በየዕለቱ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ይታጠባል። በቀዝቃዛ ውሃ ከታጠበ፣ በሳሙና ካጠቡት በኋላ ለ1 ደቂቃ በፈላ ውሃ ውስጥ መቀቀል ያስፈልጋል። ከዚያም በፀሐይ ላይ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። የተቀደደ፣ የሳሳ ወይም ላስቲኩ የላላ ማስክ በአዲስ ይተካል።

እዚህ ላይ ወላጆች ልብ ሊሉት የሚገባ ጉዳይ አለ። በሳንጃ ከተማ በትምህርት ቤት ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ቢልሃርዚያ በስፋት እንደሚገኝ አሳይተዋል። የዚህ በሽታ ጥገኛ ተውሳክ ቀንድ አውጣዎች በሚኖሩበት ወንዝና ኩሬ ውስጥ ይገኛል፤ ሰው ወደ ውሃው ሲገባ ወይም እጁን ሲነክር በቆዳው ዘልቆ ይገባል። ስለዚህ ልጆች ማስካቸውን ለማጠብ ወደ ወንዝ መላክ የለባቸውም። ከአንድ በሽታ ለመከላከል የተሰፋ ጨርቅ ለሌላ በሽታ መንገድ መክፈት አይገባውም። እጥበቱ በቤት ውስጥ በቧንቧ ውሃ ይከናወን፤ ከወንዝ በተቀዳ ውሃ መጠቀም ግድ ከሆነ ውሃው አስቀድሞ ይፈላ።

ማስክ የማይተካቸው ጥንቃቄዎች

የጨርቅ ማስክ በዋነኛነት የሚያገለግለው ከሚያደርገው ሰው አፍና አፍንጫ የሚወጡ ጠብታዎች ወደ ሌሎች እንዳይደርሱ ለመቀነስ ነው። እጅን መታጠብን፣ መራራቅንና የመማሪያ ክፍል መስኮቶችን ከፍቶ አየር ማናፈስን አይተካም። ትኩሳት ወይም ሳል ያለበት ልጅ ማስክ አድርጎም ቢሆን ወደ ትምህርት ቤት መሄድ የለበትም። በቆላማ አካባቢዎች ትኩሳት የወባ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ኮሮና ነው በሚል ፍርሃት በቤት ከማቆየት ይልቅ ልጁን ሳይዘገዩ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።

በወረርሽኙ ወቅት ስለ ኮሮና ቫይረስ በሽታ መረጃ ለማግኘት ወይም ምልክት የታየበትን ሰው ለማሳወቅ በነፃ የስልክ መስመሮች 8335 ወይም 952 መደወል ይቻል ነበር። ማስክ የመስፋት አቅም የሌላቸው ወላጆችም ልጆቻቸው ከትምህርት ገበታ እንዳይቀሩ፣ ለትምህርት ቤቱ አስተዳደር ወይም ለቀበሌያቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አስቀድመው ቢያሳውቁ መፍትሔ በጋራ ለመፈለግ ይረዳል።