ክብደት ለመቀነስ ከሚደረግ ኦፕራሲዮን በፊትና በኋላ

ስለ ውፍረት ሕክምና ስንወያይ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «በሽተኛው ኦፕራሲዮን ሳይደረግለት፣ ምግቡን በመቀነስ ብቻ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ብዙ ኪሎ ከቀነሰ፣ ጨጓራውን መንካት ለምን አስፈለገ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልሱን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር እንሞክራለን።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት የሚቆይ በጣም አነስተኛ ምግብ ያዝዛሉ። ዋናው ምክንያት በስብ የተሞላው ጉበት እንዲያንስ ነው፤ ትልቅ ጉበት ጨጓራውን ሸፍኖ የቀዳጁን ሐኪም ሥራ ያከብደዋልና። በዚህ ጊዜ ሚዛኑ በፍጥነት ይወርዳል። ለምሳሌ 130 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 2,800 ካሎሪ የሚያወጣ ቢሆንና 800 ብቻ ቢመገብ፣ በሳምንት 14,000 ካሎሪ ይጎድልበታል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ፣ የሚቀልጠው ስብ 2 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሚዛኑ ግን 4 ኪሎ ሊያሳይ ይችላል። ትርፉ ውሃ ነው። በጉበትና በጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ግላይኮጅን ሲያልቅ፣ እያንዳንዱ ግራም ይዞት የነበረው 3 ግራም ያህል ውሃ አብሮት ይወጣል። «ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

ከዚያ በኋላ ሰውነት መከላከል ይጀምራል። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 አንሰል ኪስ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ፈቃደኞችን ለ24 ሳምንት በአነስተኛ ምግብ ባቆዩ ጊዜ፣ ሰዎቹ ከክብደታቸው ሩብ ያህል አጡ፤ ነገር ግን ሰውነታቸው የሚያወጣው ኃይል ቀነሰ፤ ሐሳባቸውም በምግብ ተያዘ። እንግዲህ አመጋገቡን መተው የስንፍና ምልክት ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ኦፕራሲዮኑ የሚለውጠው ይህንኑ መከላከያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ኤድዋርድ ሜሰን በአይዋ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት፣ ጋስትሪክ ባይፓስ የሚባለው ዘዴ ዛሬ ሲሠራ፣ ከጨጓራው ጫፍ 30 ሚሊ ሊትር ያህል የሚይዝ ከረጢት ይተውና ከትንሹ አንጀት ጋር ይገናኛል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፍጥነቱ ከቀድሞው እምብዛም አይለይም፤ በሁለቱም ጊዜ የሚበላው ጥቂት ነውና። እንዲያውም ውሃው አስቀድሞ ስለ ወጣ፣ ሚዛኑ ለጥቂት ቀናት ሊቆም ይችላል። ልዩነቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። ምግብ በመቀነስ ብቻ ሲከሳ ግሬሊን የተባለው የረኀብ ሆርሞን ይጨምራል፤ ከባይፓስ በኋላ ግን ብዙውን ጊዜ በዚያ መጠን አይጨምርም፤ የጥጋብ ሆርሞኖችም ከምግብ በኋላ ከፍ ይላሉ። ስለዚህ ክብደቱ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በፍጥነት ይወርድና እየዘገየ ሄዶ፣ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል።

እ.ኤ.አ. በ1987 በስዊድን የተጀመረው ሰፊ ጥናት ይህን በቍጥር ያሳያል። ባይፓስ የተደረገላቸው ሰዎች ከ1 እስከ 2 ዓመት ውስጥ በአማካይ ከክብደታቸው 32 በመቶ፣ ከ10 ዓመት በኋላ ደግሞ 25 በመቶ ቀንሰው ተገኙ። ኦፕራሲዮን ያልተደረገላቸው ግን በአማካይ ከ2 በመቶ በላይ አልተለወጡም። በምሳሌአችን፣ 130 ኪሎ የነበረው ሰው ወደ 88 ኪሎ ወርዶ፣ በ10ኛው ዓመት 97 ኪሎ ተኩል ላይ ይገኛል ማለት ነው።

ከዚህ የምንረዳው የሳምንት ፍጥነት ዳኛ ሊሆን እንደማይችል ነው። በስምንተኛው ወር በወር አንድ ኪሎ ብቻ የቀነሰ ሰው «አልተሳካልኝም» ብሎ ተስፋ ሊቆርጥ፣ ቪታሚኑንም የሐኪም ክትትሉንም ሊተው ይችላል፤ ይህም አደገኛ ነው። የቀለለ ሰውነት የሚያወጣው ኃይል አነስተኛ ስለ ሆነ መዘግየቱ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ ነገ ሐኪሞች የምንሆን ተማሪዎች በሽተኛውን ከመውቀሳችን በፊት፣ በሚዛኑ ላይ የወረደው ውሃ ነው ወይስ ስብ፣ የተለካውስ በስንተኛው ወር ነው ብለን እንጠይቅ።