ለኢዮብ ጥያቄ ፖሊስ መጥራት

ሰው ፈጣሪውን «ይህን ሁሉ መከራ ለምን አመጣህ?» ብሎ ቢሞግት ወንጀል ይሆንበታልን? ጥያቄው ለአንዳንድ አንባቢ የትምህርት ቤት ክርክር ይመስለው ይሆናል። በአየርላንድ ግን ከቴሌቪዥን ተነሥቶ ፖሊስ ጣቢያ ደርሷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2015 መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስመ ጥሩው የአየርላንድ ቴሌቪዥን ሰው ጌይ በርን፥ እንግሊዛዊውን ተዋናይና ደራሲ እስቲቨን ፍራይን እንግዳ አድርጎ ያነጋግረው ነበር። ከሞት በኋላ በአምላክ ፊት ቢቆም ምን እንደሚለው ጠየቀው። ፍራይ በአምላክ መኖር የማያምን ሰው ነውና መልሱ ለስላሳ አልነበረም፤ ሕፃናት በአጥንት ካንሰር የሚሠቃዩበትን ዓለም የፈጠረ እንዴት ሊመሰገን ይችላል የሚል ነበር። የጠያቂው ፊት በድንጋጤ ተለዋወጠ።

አንድ ተመልካችም በክሌር አውራጃ ኤኒስ ከተማ ወደሚገኘው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ አመለከተ። በ2009 የወጣው ሕግ፥ የተቀደሰ ነገርን በብርቱ እየሰደበ ብዙ ምእመናንን ሆን ብሎ የሚያስቆጣ ሰው እስከ 25,000 ዩሮ እንዲቀጣ ያዝዝ ነበር። በ2017 የምርመራው ወሬ በጋዜጦች ሲወጣ መዝገቡ ተዘጋ። ምክንያቱም፥ ሕጉ የሚጠይቃቸው ብዙ የተቆጡ ሰዎች አለመገኘታቸው ነው። ከሳሹም ራሱ እንዳልተቀየመና የዜግነት ግዴታውን ብቻ እንደፈጸመ ተናገረ። ይህን ሰምቶ ፈገግ የማይል ዳኛ ይኖር ይሆን?

ይሁን እንጂ ሕጉ ከየት መጣ? የ1937ቱ ሕገ መንግሥት ስድበ መለኮት ይቀጣል ብሎ ሲደነግግ፥ ስድበ መለኮት ማለት ምን እንደሆነ አልተረጎመም። በ1999 በአንድ ጋዜጣ ሥዕል ምክንያት ክርክር ተነሥቶ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወንጀሉ ወሰን አይታወቅም አለ። የ2009ኙ ሕግ ይህን ቀዳዳ ለመድፈን የወጣ ነበር። በዚያው ዓመት ፓኪስታን የአየርላንድን ሕግ ቃል ወስዳ በተባበሩት መንግሥታት ስብሰባ ላይ እንደ አብነት አቀረበችው፤ በፓኪስታን ሕግ ደግሞ እንዲህ ያለው ክስ እስከ ሞት የሚያደርስ ነው። ጉዳዩ ቀልድ ብቻ አለመሆኑ እዚህ ላይ ይታያል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የ1855ቱ ነገር ነው። በዚያ ዓመት በአየርላንድ በስድበ መለኮት የተከሰሰው ከሃዲ ሳይሆን ፔቸሪን የሚባል የሩሲያ ተወላጅ የካቶሊክ ቄስ ነበር፤ የፕሮቴስታንቶችን መጽሐፍ ቅዱስ አቃጥለሃል ተብሎ ነበር። በነፃ ተለቀቀ። እንግዲህ ይህን ዱላ ማን በማን ላይ እንደሚያነሣው አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

እኔ እንደሚመስለኝ፥ የፍራይ ጥያቄ ለቤተ ክርስቲያን አዲስ አልነበረም። ኢዮብ ልጆቹንና ጤናውን ባጣ ጊዜ የተወለደበትን ቀን ረግሟል፤ ፈጣሪውንም ለሙግት ጠርቷል። ሦስቱ ወዳጆቹ ደግሞ ለእግዚአብሔር ጥብቅና ቆመው፥ ይህ የደረሰብህ በድለህ ነው አሉት። በመጽሐፉ መጨረሻ ግን የተቆጣቸው ጠበቆቹን ነው። የአየርላንድ ሕግ አውጪዎች የቆሙት በእነዚህ ወዳጆች ወገን ነበር።

ምእመኑ የሚያከብረው ሲዋረድ የሚሰማው ሕመም ግን ሐሰት አይደለም። ስድብን ሁሉ ጥበብ ነው ብሎ የሚያጨበጭብ ወጣት ምሁርም አይቼ ተሰላችቻለሁ። ቢሆንም፥ በአንድ ሃይማኖት ተከታዮች ላይ ጥላቻ መቀስቀስ አንድ ነገር ነው፤ ለዚህ አየርላንድ ከ1989 ጀምሮ ሌላ ሕግ አላት። ስለ አምላክ ደግነት መከራከር ግን ሌላ ነው፤ ሁለቱን አንድ ያደረገ ሕግ ደካማውን ሳይጠብቅ ተናጋሪውን ያስፈራራል።

የአገሪቱ የካቶሊክ ጳጳሳትም ድንጋጌው ጊዜ ያለፈበት መሆኑን ተናግረዋል። ጥቅምት 26 ቀን 2018 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከመቶው 65 ያህሉ ይሰረዝ ብሎ ድምፅ ሰጠ፤ የ2009ኙም ድንጋጌ በ2020 ተሻረ። በዚያ ሁሉ ዓመት ጋዜጦቹ ስለ ፖሊሱና ስለ መቀጮው ብዙ ጻፉ፤ በአጥንት ካንሰር ስለሚሠቃየው ሕፃን የተባለው ግን ጥቂት ነው። አሁን ሰባኪውም ሆነ ፈላስፋው መልስ ልስጥ ብሎ ቢነሣ የሚገባበት ከሳሽ የለም።