ካርታ የሌለው ቤት፦ የማንሃታኑ ኮ-ኦፕ አፓርታማ

ማንሃታን ውስጥ፣ ከሴንትራል ፓርክ በስተምሥራቅ፣ ከ59ኛው እስከ 96ኛው ጎዳና ያለው ሰፈር አፐር ኢስት ሳይድ ይባላል። ከኒው ዮርክ የባለጸጋ ሰፈሮች አንዱ ነው። እዚያ «ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ገዛሁ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የገዛው ቤቱን ሳይሆን የአንድ ኩባንያ አክሲዮን ነው። ሕንፃው በሙሉ የኩባንያው ንብረት ነው። ገዢው ባለአክሲዮን በመሆኑ ኩባንያው አንዱን አፓርታማ በረጅም ጊዜ ውል ያከራየዋል። አከራዩም ተከራዩም በከፊል እሱው ራሱ ነው ማለት ይቻላል። ይህ አሠራር ኮ-ኦፕ ይባላል። ማንሃታን ውስጥ ለሽያጭ ከሚውሉት ነባር አፓርታማዎች አብዛኞቹ በዚህ ሥርዓት የተያዙ ናቸው።

አዲስ አበባ ላይ የምናውቀው ኮንዶሚኒየም ከዚህ ይለያል። የኮንዶሚኒየም ባለቤት በስሙ ካርታ ይወጣለታል፤ ቤቱ የግሉ፣ ደረጃውና ግቢው የጋራ ይሆናል። የኮ-ኦፕ ገዢ ካርታ የለውም። ውሉ የተፈጸመ ዕለት የሚሰጡት ወረቀቶች ሁለት ናቸው፤ የአክሲዮን ምስክር ወረቀትና የኪራይ ውል። ባንክ አበድሮት ከሆነ ሁለቱንም ወስዶ በመያዣነት ያስቀምጣቸዋል።

ቤቱን ገባ ብለን እንየው። በሰፈሩ ካሉት ሕንፃዎች ብዙዎቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ ናቸው። የዚያ ዘመን ባለ አንድ መኝታ ሲከፈት መጀመሪያ ትንሽ የመግቢያ ክፍል ይገኛል። ቀጥሎ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ በፓርኬ የተነጠፈ ሳሎን፣ ከጎኑም ሁለት ሰው የማያስተላልፍ ጠባብ ኩሽና አለ። በመስኮቱ ሥር ያለው የብረት ማሞቂያ ምድር ቤት ካለው ቦይለር በሚመጣ እንፋሎት ይግላል፤ የብርዱ ወራት ሲገቡ ሲንኳኳና ሲያፏጭ ያድራል። እሳቱን የሚቆጣጠረው ሕንፃው እንጂ ነዋሪው ስላልሆነ፣ ውጭው በረዶ ሆኖ ሳለ ሙቀት በዝቶበት መስኮት የሚከፍት ሰው ብርቅ አይደለም። የልብስ ማጠቢያ ማሽኖቹም ምድር ቤት ናቸው። አሮጌው ቧንቧ አይችልም በሚል ቤት ውስጥ ማሽን ማስገባትን የሚከለክሉ ሕንፃዎች ሞልተዋል።

ለእያንዳንዱ አፓርታማ የሚመደበው የአክሲዮን ቁጥር እንደ ስፋቱ፣ እንደ ፎቁና እንደ እይታው ነው። በስፋት እኩል ከሆኑ ሁለት ቤቶች ውስጥ የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ የሚጋርደው ያነሰ፣ ፓርኩን ቁልቁል የሚያየው የበዛ አክሲዮን ይይዛል። ወርሃዊው ክፍያም የሚሰላው በዚሁ ነው። አንድ ሕንፃ 20,000 አክሲዮን አለው እንበል፤ ባለ አንድ መኝታው 250 ይዟል። የሕንፃው የዓመት ወጪ 2 ሚሊዮን ዶላር ከሆነ የዚህ ቤት ድርሻ 25,000 ዶላር፣ በወር ከ2,000 ዶላር ትንሽ ከፍ ያለ ይሆናል። የባንክ ዕዳውን ከፍሎ የጨረሰ ሰው እንኳ ከዚህ ክፍያ አያመልጥም። በገንዘቡ የበር ጠባቂዎችና የሕንፃው ተቆጣጣሪ ደመወዝ፣ የማሞቂያ ነዳጅ፣ ኢንሹራንስና የከተማው የንብረት ግብር ይሸፈናሉ። ኩባንያው ራሱ በሕንፃው ስም የተበደረው ካለም የሚከፈለው ከዚሁ ነው።

የኮ-ኦፕ ነገር ሁሉ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። ዕዳውና ግብሩ የሁሉም በመሆኑ አንዱ ባለአክሲዮን መክፈል ቢያቅተው ጉድለቱን ለጊዜው የሚሸፍኑት ጎረቤቶቹ ናቸው። እቁብ ያለ ዋስ አዲስ ሰው እንደማይቀበል ሁሉ፣ ኮ-ኦፕም ሰውየውን ሳይመረምር አያስገባም። ሻጭና ገዢ በዋጋ ቢስማሙም ሽያጩ የሚጸድቀው ባለአክሲዮኖቹ ከመካከላቸው የመረጡት ቦርድ ሲፈቅድ ነው። ገዢው የግብር ሰነዱን፣ የባንክ ሒሳቡን፣ የአሠሪውን ደብዳቤና መልካም ጠባዩን የሚመሰክሩ የወዳጆቹን ደብዳቤዎች አጠናቅሮ ያቀርባል፤ ከዚያ ለቃለ መጠይቅ ይጠራል። ብዙዎቹ ቦርዶች ከዋጋው ቢያንስ 20 ወይም 25 በመቶው ያለ ብድር እንዲከፈል ይፈልጋሉ። በፓርክ አቬኑና በፊፍዝ አቬኑ ብድር ጨርሶ የማይፈቅዱ ሕንፃዎችም አሉ።

ቦርዱ አልቀበልም ቢል ምክንያቱን የመናገር ግዴታ አልነበረበትም፤ ይህ ልማድ ዝነኞችንም አልማረም። ዘፋኟ ማዶና እ.ኤ.አ. በ1985 በሴንትራል ፓርክ ዌስት ወዳለው ሳን ሬሞ ሕንፃ ለመግባት ጠይቃ ተከልክላለች። ሕጉ የሚከለክለው መድሎን ነው፤ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በትውልድ አገር ወይም በጾታ ምክንያት ሰውን መመለስ አይቻልም። ምክንያት በማይነገርበት ቦታ ግን መድሎን ማስረዳት ከባድ ነው። የኮ-ኦፕ ትልቁ ነቀፌታም ይኸው ነው።

ከገቡም በኋላ ደንቡ ይከተላል። የታችኛው ጎረቤት በኮቴ እንዳይረበሽ ከወለሉ 80 በመቶው ምንጣፍ ይልበስ የሚሉ አሉ። ሻወር ወይም ኩሽና ከሰው መኝታ ቤት በላይ እንዳይሠራ የሚከለክሉም ብዙ ናቸው፤ ውሃው ቢያፈስ የሚወርደው አልጋ ላይ ነዋ። ቤቱን አከራይቶ መሄድ በብዙ ሕንፃዎች የሚፈቀደው ለተወሰነ ዓመት ብቻ ነው። ሲሸጡም ከዋጋው ጥቂት በመቶ ለሕንፃው ካዝና የሚያስቀሩ አሉ። ተመሳሳይ ኮንዶሚኒየም በአብዛኛው ከኮ-ኦፕ የሚወደደውም ይህ ሁሉ ገደብ ስለሌለበት ነው።

የኮ-ኦፕ አሠራር የሀብታም ብቻ ሆኖ አልጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ፊሊፕ ሁበርት የተባለ አርክቴክት ገንዘብ ላላቸው ኒው ዮርካውያን የጋራ ሕንፃዎችን ሲያቋቁም፣ በ1916 ደግሞ ብሩክሊን የሰፈሩ የፊንላንድ ስደተኛ ሠራተኞች ገንዘባቸውን አዋጥተው «አልኩ» የተባለውን የራሳቸውን ሕንፃ አቆሙ። ዘፋኙ ጆን ሌነን የኖረበትና በ1980 በደጃፉ የተገደለበት ዳኮታ የተባለው ሕንፃ በ1884 ተሠርቶ ሲከራይ ቆይቶ ኮ-ኦፕ የሆነው በ1961 ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የኪራይ ቁጥጥርና ወጪ ያስመረራቸው አከራዮች ሕንፃዎቻቸውን ወደ ኮ-ኦፕ እያዞሩ ሸጡ፤ ብዙ ተከራዮችም የኖሩበትን ቤት በቅናሽ ገዙ።

ኮ-ኦፕ ከኒው ዮርክ ውጭም አለ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ፣ ስሙ ከፕሬዚዳንት ኒክሰን ቅሌት ጋር የተያያዘው የዋተርጌት መኖሪያ ሕንፃዎች ኮ-ኦፕ ናቸው።

እንዲህ ያለ ቤት ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከሳሎኑ ውበት በፊት የሕንፃውን የሒሳብ መግለጫ ይጠይቅ። ኩባንያው ምን ያህል ዕዳ አለበት? ለድንገተኛ ጥገና ያስቀመጠው ገንዘብ አለ? ሕንፃው ያረፈበት መሬት የራሱ ነው ወይስ የኪራይ? መሬቱ የኪራይ ከሆነና ውሉ ሊያልቅ ከተቃረበ ወርሃዊው ክፍያ በአንድ ጊዜ ሊያሻቅብ ይችላል። የቦርዱን ቃለ ጉባኤም ጠበቃ ያንብብለት፤ የሚያፈስ ጣሪያና የማይከፍል ጎረቤት የሚገኙት እዚያ ነው። ኮ-ኦፕ የሚገዛ ሰው ከክፍሉ ጋር የጎረቤቶቹን ሒሳብ አብሮ ይገዛልና።