ለልጅ ልጅ ስለሚተከል ትምህርት

በአርሲ ደጋ፥ ከአሰላ ከተማ በላይ በጭላሎ ተራራ በኩል፥ ባሕር ዛፍም ጥድም ይበቅላል። ባሕር ዛፍ የተከለ ሰው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለቤቱ ማገር፥ ለምድጃውም እንጨት ይቈርጣል። ጥድ የተከለ ግን ከጥላው በታች ሳያርፍ ሊያልፍ ይችላል፤ ምሰሶውን የሚያቆመው የልጅ ልጁ ነው።

ዩኒቬርሲቲ ከጥድ ወገን ነው። ዛሬ ትምህርት ቤት የገባ ሕፃን ዩኒቬርሲቲ እስኪደርስ 12 ዓመት ይማራል፤ ሌላውን ለማስተማር እስኪበቃም ብዙ ዓመት ይጨምራል። እንግዲህ የዩኒቬርሲቲ አለቆች የዘንድሮውን ደመወዝና የዘንድሮውን ጣራ ብቻ ቢያስቡ፥ ከ20 ዓመት በኋላ መምህር ያጣሉ። ስለዚህ ለረጅም ዘመን የሚሆን ዕቅድ ይጽፋሉ፤ ይኸውም ማንን እናስተምር፥ ምን እናስተምር፥ መምህሩ ከወዴት ይምጣ፥ ገንዘብ የሰጠን ሰው እጁን ቢሰበስብ በምን እንኑር የሚለውን አስቀድሞ መመርመር ነው። ከሁሉ የሚከብደው የመምህሩ ነገር ይመስለኛል። ሕንፃ በሁለት ዓመት ይቆማል፤ መምህር ግን በሁለት ዓመት አይበቅልም።

ለዚህ ነገር በአገራችን ምሳሌ አለ። (ዓመታቱን እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ።) በ1945 ኢየሱሳውያን የተባሉ የካቶሊክ ካህናት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥሪ ከካናዳ መጥተው የተፈሪ መኰንንን ትምህርት ቤት ተረከቡ። የማኅበራቸው ስም በኢትዮጵያ ቀላል ስም አልነበረም። በ1603 የገቡት ጴጥሮስ ፓኤዝ የአገሩን ቋንቋ ተምረው በትዕግሥት ሠርተው ነበር፤ በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን የሕዝቡን ሥርዓት በጥቂት ዓመታት ለመለወጥ ቸኰሉ። ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ ለሕዝቡ የቀድሞውን ሃይማኖት መለሱለት፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲልም ካህናቱን ከአገር አስወጡ። ካናዳውያኑ ሦስት መቶ ዓመት ያልተረሳ ነገር ይጠብቃቸው ነበርና፥ የካህን ልብስ ሳይለብሱ፥ ሃይማኖታቸውንም ሳይሰብኩ ያስተምሩ ዘንድ ተስማሙ።

በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቬርሲቲ ኰሌጅ በተከፈተ ጊዜ መሪው ከእነርሱ አንዱ፥ ዶክተር ሉሲየን ማት፥ ሆኑ። ኰሌጁ የመንግሥት እንጂ የቤተ ክርስቲያን አልነበረም። ሥራው በጥቂት ተማሪዎች ተጀመረ፤ በ1954 ቻርተር ተሰጠው፤ በ1961 ከሌሎች ኰሌጆች ጋር ተዋሕዶ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቬርሲቲ ሆነ፤ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቬርሲቲ የሚባለው ነው። በ1962 ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። የሠራውን ቤት ቍልፍ ለሌላ መስጠት ለሰው ልጅ ከባድ ነው፤ ካናዳውያኑ ግን የማይወርሱትን ቤት ሠሩ።

ነገር ግን መልካም አሳብ ያለው ዕቅድ ሁሉ ያሰበውን ብቻ አያመጣም። የአርሲ ሰው ይህን በገዛ መሬቱ አይቷል። በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በአሰላ የጭላሎን የእርሻ ልማት ድርጅት አቋቋሙ። አሳቡ ትንሹን ገበሬ ለመርዳት ነበር፤ የተመረጠ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ተሰጠው፥ የተዳቀሉ ላሞች መጡለት። ምርቱም በእውነት በዛ። መሬቱ ግን የጭሰኛው አልነበረም። ባለ መሬቱ ስንዴ ትርፍ እንደሚሰጥ ባየ ጊዜ፥ ከጭሰኛው ሲሶ ወይም እኩል ከመቀበል ይልቅ በትራክተር ማሳረስ መረጠ፤ በተለይ በጭላሎ ሰሜናዊ ወገን ብዙ ጭሰኞች ከኖሩበት ተነሡ። ዕቅዱን የጻፉት ዘሩንና ማዳበሪያውን በሚገባ ቈጥረው ነበር፤ ምርት ሲበዛ ባለ መሬቱ ምን እንደሚያደርግ ግን በበቂ አልመረመሩም። ጭሰኝነት የተሻረው በ1975 በወጣው የመሬት አዋጅ ነው።

በ2014 የአርሲ ዩኒቬርሲቲ በአሰላ ተመሠረተ። ከከተማው በስተ ሰሜን፥ በቍሉምሳ፥ የስንዴ ምርምር ዛሬም ይደረጋል፤ የዩኒቬርሲቲው የእርሻ ተማሪዎችም ትምህርታቸውን የሚማሩት ያ ሁሉ በሆነበት በጭላሎ ግርጌ ነው።